ሰው አገር የማን ነው?

በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በምኖርባት በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ባሰናዳው የግጥም ምሽት ላይ የ13 ዓመት ልጄን ይዤ ተገኝቼ ነበር። መድረክ ላይ ከወጡት መካከል ፀጉራቸው የነጣ፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ያጣፉ አንድ አባት ነበሩ፤ ወረቀት አልያዙም። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠብቀው፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀውን ስንኝ አሉ፦

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣
ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አባትየው ቀጥለው የራሳቸውን ግጥም አነበነቡ፤ በየሦስት መስመሩ «ሰው አገር» የሚለው ሐረግ እየተመላለሰ ይመጣ ነበር፤ በመጣ ቁጥርም አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ሰው አገር የማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ ወደዚህ አገር በዲቪ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ ለ9 ዓመታት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ሰምና ወርቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስፈታ፣ ኅብረ ቃሉን በባለ ቀለም ጠመኔ ሳሰምር ኖሬአለሁ። ይህን ሐረግ ግን፣ በየቀኑ ከአፌ የማይጠፋ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ቀን ቆም ብዬ አልመረመርሁትም ነበር። «ሰው» ብቻውን ሲቆም ክቡር ቃል ነው፤ «ሰው ነው» ብለን የመሰከርንለት ሰው ከዚያ በላይ ምስጋና አይፈልግም። ከሌላ ስም ፊት ሲገባ ግን መልኩ ይለወጣል፤ የሰው ቤት፣ የሰው ገንዘብ፣ የሰው እጅ ማየት፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ሰው» ማለት የእኔ ያልሆነው ማለት ነው። ዘወር ብለን ደግሞ «እሱ ሰው አለው»፣ «እኔ እዚህ ሰው የለኝም» ስንል፣ ያው ቃል ዘመድ፣ ወገን፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሞቱ የሚቀብር ማለት ይሆናል። ባዳውም ዘመዱም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ የትኛው እንደ ተጠራ የሚያውቀው ተናጋሪው በየት በኩል እንደ ቆመ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ልጄ የተወለደችው ከዚያ ምግብ ቤት በመኪና 10 ደቂቃ በሚወስድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። «የሌላ ሰው አገር ማለት ነው» አልኋት በሹክሹክታ። ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ የእኔን ማለታቸው ነው?» አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ መልሱን ለማወቅ ብቻ ነበር የጠየቀችው። በልጄ ፊት ስናጨበጭብ ያመሸነው እርሷ ለተወለደችበት ቦታ ባዕድነት እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከምሽቱ በኋላ አባትየውን ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል የደሴ ልጅ መሆኔን ከንግግሬ አውቀው፣ «ለካ የወንዜ ልጅ ነህ!» ብለው አቀፉኝ፤ እርሳቸውም የኮምቦልቻ ሰው ነበሩና ቦርከናን ማለታቸው ነው። በዚህ በአማርኛችን የወገንነት ስም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ከአንድ ወንዝ የጠጣ ሰው ስሙ ባይታወቅም ዘመድ ነው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፣ «አንቺስ የት ተወለድሽ የኔ ልጅ?» አሏት። «እዚሁ» አለቻቸው። ራሷን ዳሰስ አድርገው፣ «አይዞሽ» አሏት። በሙሉ ፍቅር ነው ያሉት፤ ይህን የምጽፈውም እርሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን «አይዞሽ» ለታመመ፣ ለወደቀ፣ ላዘነ የሚባል ቃል ስለ ሆነ፣ ልጄ በመኪናው ውስጥ ምን እንደ ሆነች መስሏቸው እንደ ሆነ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለኝን ትርፍ ጊዜ የስደት ግጥሞችን እንደገና በማንበብ አሳልፌአለሁ፤ የማነባቸውም በአንድ ጥያቄ ነው። በግጥሙ ውስጥ «ሰው» የተባለው ማን ነው? ገጣሚው ባይተዋርነቱን ሲናገር ባዳ የሚያደርገው ማንን ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ ሲያነቡ ብዙ የምናውቃቸው ግጥሞች ሌላ መልክ ያሳያሉ።

ከዚያ ከታወቀው ስንኝ ልጀምር። የስንኙ ጉልበት በአህያውና በፈረሱ ላይ ያለ ይመስለን ነበር፤ ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነበር ያስተማርኋቸው። አሁን ሳየው ስንኙን የተሸከመችው «እስኪመለስ» ናት። «እስኪ» ወሰን ነው፤ ጭነቱም ልጓሙም እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ስንኙን የፈጠረው ሰው የወጣው ይመለስ እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ መመለሱ የታወቀ ነገር ነው። እንዲህ ማለት የተቻለውም «አገር» የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር ጎጃም፣ ወሎ፣ መንዝ፣ አንዳንዴም አንድ ደብርና አካባቢው ብቻ ስለ ነበረ ይመስለኛል። ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት የወጣ የቆሎ ተማሪ፣ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሲራራ ነጋዴ፣ ዘመቻ የሄደ ወታደር፣ ሁሉም «ካገራቸው የወጡ» ናቸው፤ ሁሉም ግን በእግራቸው የመጡበትን መንገድ በእግራቸው ሊመለሱበት ይችላሉ። እኛ ይህን ስንኝ አውሮፕላን ላይ ይዘነው ወጣን፤ ውቅያኖስ አሻገርነው፤ «እስኪ» ግን ለዚህ ያህል ርቀትና ለዚህ ያህል ዓመት አልተሠራችም።

ጭነቱንስ አውቀዋለሁ። ለ11 ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። የትኬት መቁረጫዋ ክፍል ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ ናት፤ እግር ሥር ትንሽ ማሞቂያ አለች፤ የመስታወቱ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ የመኪናው ጭስ ይገባል። ዘጠኝ ዓመት «መምህር» ተብዬ የተጠራሁ ሰው እዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ አስቀርተው በቆረጡልኝ ስም ነበር የምጠራው። ሌሊት ሌሊት መኪና ሲቀንስ በሚወጣው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ትዝ የሚሉኝን ግጥሞች በእጄ እጽፍ ነበር። ቃላቸው እንዳይጠፋኝ ፈርቼ ነው።

ከእነዚያ መካከል አንዱ የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» ነበር። ይህን ግጥም ደሴ በነበርሁበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አስነብቤአለሁ፤ ተራ በተራ እየተነሡ ደረታቸውን ነፍተው ያነበንቡት ነበር። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ነበርና አገሩን በፀሐይና በቀለም ሞልቶ ነው የሚያሳየን። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከትዝታዬ ስገለብጠው ግን፣ ክፍል ውስጥ አስተውያት የማላውቅ አንዲት ቃል እጄን አቆመችው፤ «እዚያ»። ነፃነቱም፣ ኩራቱም፣ በተወላጅነት መመካቱም «እዚያ» ነው ያለው። ደሴ ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ «እዚያ» የሚል ሰው የለም፤ «እዚህ» ነው የሚለው። ግጥሙን የጻፈው ገጣሚው በጀርመን አገር ለትምህርት በነበረበት ጊዜ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለተማሪዎቼም እንደ አንድ የሕይወት ታሪክ ቁራጭ ነግሬአቸው አልፌአለሁ። ግጥሙ የናፍቆት ግጥም መሆኑ፣ ውበቱ ሁሉ ከርቀቱ የመጣ መሆኑ የገባኝ ግን እኔም «እዚያ» ማለት ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ገብረ ክርስቶስ የመጀመሪያውን ጊዜ ተመልሷል። ኮሎኝ ትምህርቱን ጨርሶ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ገባ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም አስተማረ። «እስኪመለስ» ለእርሱ ደረሰችለት። በደርግ ዘመን ግን እንደገና ወጣ፤ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በሎተን ከተማ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው አረፈ። ሐረር የተወለደ፣ የብራና ጽሕፈት ዐዋቂ ልጅ፣ አገሬን ሲሉ ሁሉ ስንኙ በአፋቸው የሚመጣላቸው ገጣሚ፣ መጨረሻው በአሜሪካ ሜዳማ ምድር ሆነ። ይህን ሳስብ ግጥሙ ያሳዝነኛል፤ ግጥሙን አብዝቼ የምወደውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን በዚያ ግጥም ውስጥ ለልጄ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁላትም። በተወላጅነት የሚመካ ግጥም ነው፤ እርሷ ደግሞ ተወላጅነቷ እዚህ ነው።

አለመሆን፣ አለመግጠም፣ ባይተዋር መሆን የሚጀምረው አገር ከለቀቁ በኋላ ነው የሚለውን ሐሳብ እንድተወው ያደረገኝ ሰሎሞን ዴሬሳ ነው። ወለጋ ጩታ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም ብዙ አንባቢዎች ቤት የማይመታ፣ አማርኛውን የሰባበረ ግጥም ነው ብለው ተቆጥተውበት ነበር። ሰውዬው ገና ሸገር ላይ ተቀምጦ ሳለ በግጥሙ ባዳ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ ብዙ ዘመኑን በሚኒሶታ ኖረ፤ ሁለተኛውን የግጥም መጽሐፉን «ዘበት እልፊቱ»ን ከመጀመሪያው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ በአማርኛ አወጣ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እዚያው ሚኒሶታ አረፈ። በዚያ በረዶ አገር፣ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አፉን የፈታውም በኦሮምኛ የሆነ ሰው፣ ተቆጥተውበት በነበሩት አንባቢዎች ቋንቋ መጻፉን አለመተዉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለመግባት ፈቃድ አልጠየቀም፤ ቋንቋውን ቤቴ ነው ብሎ ገባበት።

የመመለስን ነገር በሌላ በኩል ያሳየችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ለ6 ዓመታት ሠርታለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እርሷም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ቦሌ ስትደርስ የተሰጣት ስም «ተመላሽ» የሚል ነበር። በመዝገብ ላይ ተመላሽ፣ በሬዲዮ ተመላሽ፣ በቀበሌ ተመላሽ፣ በጎረቤትም አፍ ተመላሽ። ያ ስንኝ «እስኪመለስ» ብሎ ተስፋ የሰጠበት ግስ፣ ተመልሳ ስትመጣ የባዳነት መጠሪያ ሆኖ ጠበቃት። ጅዳ ሳለች ስልክ ላይ በድምፅ እየቀዳች ግጥም ትልክልኝ ነበር፤ ሴቶቹ ሌሊት ሥራ ጨርሰው እርስ በርሳቸው እንደዚያ ይለዋወጣሉ፤ አብዛኛው የሚጻፍ አይደለም፣ በእንጉርጉሮ ነው የሚባለው። ደሴ በገባች በስድስተኛው ወር የላከችልኝን በፈቃዷ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦

ጅዳ ሆኜ ሳለሁ ደሴ ነበር ሆዴ፣
ደሴ ገባሁና ጠፋብኝ መንገዴ።

ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት። በሁለት መስመር ውስጥ ስለ መመለስ የተናገረችውን ያህል የተናገረ ግጥም በብዙ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። መንገዱ የጠፋባት ደሴ ተለውጣ ብቻ አይደለም፤ ደሴ ውስጥ «ሰው አለኝ» ስትል የነበረችው፣ ገንዘብ ላኪ በመሆኗ ይዛው የነበረውን ቦታ በመመለሷ ስላጣችው ነው። ይህን እኔ ስተረጉመው ነው እንጂ እርሷ እንዲህ አላለችም፤ ግጥሟ ከትርጓሜዬ ይበልጣል።

ከአማርኛ ውጭ ካነበብሁት መካከል ብዙዎች የሚያውቁትን የዋርሳን ሽሬን ግጥም ማንሳት አለብኝ። ከሶማሊያውያን ወላጆች ኬንያ ተወልዳ ለንደን ያደገች ገጣሚ ናት፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የለንደን የመጀመሪያዋ ወጣት ባለቅኔ ተብላ ተመርጣለች። አገር የሻርክ አፍ ካልሆነ በቀር ማንም አገሩን ጥሎ አይወጣም የሚለው ቃሏ በ2015 እ.ኤ.አ. ስደተኞች በሜዲትራኒያን ባሕር ሲጎርፉ በየሰልፉ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አይተናል። የእኛ ስንኝ «ካገሩ የወጣ» ብሎ ሲጀምር ለምን እንደ ወጣ አይናገርም፤ የእርሷ ግጥም ግን አገሩን ራሱን ያናግረዋል። በዚህ ረገድ ከእርሷ የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ፤ አገራችንን በውበቱ ብቻ እየጠራነው ለምን እንደ ወጣን ለልጆቻችን ሳንነግራቸው የቆየን ብዙዎች ነን።

የበለጠ የያዘኝ ግን «ለምን ሲሳይ» የሚባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ ነው። ስሙን በአማርኛ ፊደል ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

እናቱ በ1966 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት እርሱን ላንክሻየር ውስጥ ወለዱ። ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ልጁ ለጊዜው በአደራ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ «እስኪ» እዚህም አለች። ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ግን ሕፃኑን ለነጭ ቤተሰብ ሰጠው፤ ኖርማን የሚል ስምም ወጣለት። እናትየው የጉዲፈቻ ወረቀት አንፈርምም አሉ። ልጁ እስከ 12 ዓመቱ በዚያ ቤት አደገ፤ ከዚያ ቤተሰቡ መልሶ ለመንግሥት ሰጠው፤ ከአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ 18 ዓመት ሊሞላው ሲል የልደት ወረቀቱ ተሰጠው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም «ለምን ሲሳይ» የሚል ነበር። አብሮትም እናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፉት ደብዳቤ ነበር፤ ልጃቸው እንዲመለስላቸው፣ ከወገኖቹ ጋር እንዲያድግ የሚጠይቅ ደብዳቤ። እናቱን በ21 ዓመቱ ጋምቢያ ድረስ ሄዶ አገኛቸው።

ይህን ሁሉ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል። ዛሬ በእንግሊዝ ከታወቁት ባለቅኔዎች አንዱ ነው፤ የ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ባለቅኔ ነበር፤ ለሰባት ዓመታት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆኗል፤ ግጥሞቹ በማንቸስተር ከተማ የሕንፃ ግድግዳዎች ላይ ተጽፈው መንገደኛ ያነባቸዋል። አማርኛ ግን አልደረሰለትም፤ በልጅነቱ ተወስዶበታል። ከቋንቋችን ሁሉ በስሙ ተሸክሞ የቀረው አንዲት ቃል ናት፤ እርሷም ጥያቄ ናት።

ስም ለእኛ የመጀመሪያው ግጥም ነው። ስንታየሁ፣ ማናልሞሽ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ አየለ፤ እያንዳንዱ ወላጅ በዚያች ሰዓት የተሰማውን ነገር ቋጥሮ ለልጁ የሚሰጥበት አንድ መስመር ነው። ብቻቸውን፣ በባዕድ አገር፣ ልጃቸውን ታቅፈው የነበሩት ሴት «ለምን» ሲሉ ምን እንደ ጠየቁ እኔ አላውቅም፤ ማንን እንደ ጠየቁም መናገር አልደፍርም። ግን ይህ ሰው በየመድረኩ፣ በየጋዜጣው፣ በየሬዲዮው በተጠራ ቁጥር ያ ጥያቄ እንደገና ይጠየቃል፤ እንግሊዞቹ ድምፁን ብቻ ይሰማሉ፣ እኛ ግን ጥያቄውን እንሰማለን። አንባቢዎቹ ሁሉ ግጥሞቹን ከእኔ በተሻለ ሊረዱለት ይችላሉ፤ ስሙን ግን ሙሉ ሆኖ የሚሰማው አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ነው። ወገንነት እዚህ ላይ ይመስለኛል ያለው። ግጥሙን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ስለ እንግሊዝ ይጽፋል፣ እንግሊዝን የሚወቅሰውም እንደ ቤቱ ልጅ ሆኖ ነው፤ አንድም ቦታ ላይ አገሪቱን «ሰው አገር» በሚል ድምፅ ሲናገራት አላነበብሁም። ያም ሆኖ ስሙን ስንሰማ «የእኛ ነው» እንላለን፤ እርሱም ፈልጎ ወደ እኛ መጥቷል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ይህን ለልጄ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አሁን ኖርማን ብለው የሚጠሩት ሰዎች አሉ?» የእርሷም ስም በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትምህርት ቤት ግማሹን ነው የሚጠሩት። እንደ እኔ አልተቆጣችበትም፤ ቤት ስትገባ ቀሪውን እኛ እንደምንጨምርላት ታውቃለች።

ስለ ተወላጅነት ስጽፍ በመሳቢያዬ ውስጥ ያሉት ሁለት ወረቀቶቿ ትዝ ይሉኛል። አንዱ የአሜሪካ ፓስፖርቷ ነው፤ በ1868 እ.ኤ.አ. የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዚህ ምድር የተወለደ ዜጋ ነው ስለሚል፣ ዜግነቷ የወላጆቿን መምጫ አይጠይቅም። ሁለተኛው እኛ «ቢጫ ካርድ» የምንለው መታወቂያ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጥ ሆኖ፣ ያለ ቪዛ እንድትገባ ይፈቅድላታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድላትም። አዋጁ እንዲህ ያለውን ሰው «የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ የውጭ አገር ዜጋ» ይለዋል። በሁለቱም ወረቀት ላይ ተወላጅ ናት እንግዲህ፤ አንዱ በምድሩ፣ ሌላው በደሙ። ሕግ አዋቂዎች ይህን በአንድ ሐረግ ሊያስሩት ችለዋል። ገጣሚዎቻችን ግን፣ እኔ እስካነበብሁት ድረስ፣ ገና ብዙ አልሄዱበትም፤ በግጥሞቻችን ውስጥ ያለው ልጅ ወይ እዚያ የቀረ ነው፣ ወይ እዚህ የጠፋ። እዚህ ተወልዶ ያልጠፋ ልጅ የሚናገርበት የአማርኛ ግጥም ማንበብ እፈልጋለሁ። ያ ግጥም «ሰው አገር» የሚለውን ሐረግ ምን እንደሚያደርገው ማየት እፈልጋለሁ።

በግንቦት ወር ልጄ ለእንግሊዝኛ ክፍሏ ግጥም ጻፈች። መምህሯ ስለሚኖሩበት ቦታ ጻፉ ብላቸው ነበር። በአያቷ ልደት ቀን ስልክ ላይ ልታነብላት ፈለገችና ወደ አማርኛ መልስልኝ አለችኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን፣ እርሷ እያነበበች እኔ እጽፍ ጀመር። ግጥሙ አጭር ነው፤ የመለስሁት እንዲህ ነበር፦

አገሬ ሰፊ ወንዝ አላት፣
በብርድ ወራት ጠርዙ ይረጋል።
አባቴ ድልድዩን ሲያቋርጥ
ሬዲዮኑን ይዘጋል፤
ለምን እንደ ሆነ ጠይቄው አላውቅም።

የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ። በእንግሊዝኛው ያለው ቃል ሰፈርም፣ ቦታም፣ መኖሪያም ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር፤ እጄም ወደ እነዚያ ሄዶ ነበር። ብዕሩን አንሥቼ ሳይ ልጄ ገጹን እያየች ነው። «አገሬ በል» አለችኝ። «አገሬ» ብዬ ጻፍሁ። ሬዲዮኑን መዝጋቴን ግን አላውቅም ነበር፤ ለ14 ዓመታት ያን ድልድይ ሳቋርጥ ማለዳም ማታም ዝም እንደምል ያወቅሁት ከልጄ ግጥም ነው።

እናቴ ደሴ ናት፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል። ልጄ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ የአማርኛውን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ፣ «ይረጋል» ላይ ትንሽ ተደናቅፋ አነበበችላት። እናቴ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ድምፅዋ መጣ።

«ወንዙ ማን ይባላል የኔ እናት?»

«ፖቶማክ» አለቻት ልጄ።

«ፖ... ማን?»

«ፖ፣ ቶ፣ ማክ» አለች ልጄ፣ ለአያቷ እንዲያዝላት ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፤ እናቴም ከወዲያ ማዶ ተከትላ አንድ በአንድ ደገመችው።